ቀንድና ጥርስ

ሰው የማይሰበስበው ነገር የለም። ቴምብር የሚሰበስብ አለ፤ የቁልፍ መያዣ የሚሰበስብ አለ፤ የሰው ገመና ሰብስቦ በየለቅሶው የሚያድለውማ የት ሄዶ! እኛ ጆሃንስበርግ ያለን ሐበሾች ደግሞ ጥርስ ሰብሳቢ አለን። የሰው እንዳይመስላችሁ። ወዳጄ ዶክተር ታምራት የሚሰበስበው የቀንዳም ዳይኖሰር ጥርስ ነው፤ ድንጋይ ሆኖ የኖረ፣ ከባሕር ማዶ በፖስታ የሚመጣለት።

ቀንዳም ዳይኖሰር፣ ላላያችሁት (ማን አየው!)፣ ፊቱ ላይ ቀንድ ያበቀለ፣ ቅጠል የሚበላ ግዙፍ አውሬ ነው። እሑድ እሑድ ቤቱ ምሳ ከበላን በኋላ ዶክተሩ ጥጥ የተነጠፈበትን ሣጥን ይከፍትና ያስተምረናል። "ይህን እዩ፤ ጫፉ ተበልቷል፣ ሥርም የለውም። እንስሳው ሞቶ የቀረ ጥርስ አይደለም። ሲያልቅበት ተፍቶት፣ በሌላ ተክቶት ሄዷል።" አውሬው ዕድሜ ልኩን ጥርስ ሲተካ ይኖራል ነው የሚለን። እኛ የወተት ጥርሳችንን አንዴ ጣራ ላይ ከወረወርን በኋላ በተሰጠን እንቀራለን።

ታናሽ ወንድሙ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው የድሆች ሰፈር፣ ቴምቢሳ ውስጥ፣ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የመንደር ሱቅ ነበረችው። ምትኩ ይባላል፤ ከሱ በፊት የሞተውን ልጅ ተክቶ ስለተወለደ። ሣጥኑ ሲከፈት "ሳውቦና ባባ!" ብሎ በዙሉ ቋንቋ ሰላም ይለዋል ድንጋዩን፣ እንደ ሱቁ ደንበኛ። ለኛም "ወንድሜ የሰው ሐኪም ነበር፤ አሁን የሞተ ከብት ጥርስ ይጠብቃል" ይለንና አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ይስቃል። ሲስቅ አፉን መሸፈን ልማዱ ነበር። ዓይን አፋርነት ነው ብለን ትተነዋል።

ነበር አልኩ አይደል?

ምትኩ ሳያውቀው የሆነ ሰው ጥርስ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ሱቁን አቃጠሉት። ማን እንዳቃጠለው የሚናገር አልተገኘም፤ ስፓዛ ሲቃጠል መንደሩ ሁሌም ተኝቶ ነው። እሱና አብሮት የሚነግደው ጓደኛው ከውስጥ አልወጡም። ሁለት አስከሬን፣ ሁለት እናት፣ አንዱን ከአንዱ የሚለይ ፊት ግን የለም። የዘር ምርመራው ወራት ይፈጃል ያለን የአስከሬን ክፍሉ ሰውዬ "በጥርሱ የምታውቁት ምልክት አለ?" ብሎ ጠየቀ።

ዶክተር ታምራት ወደኔ ዞረ። ስንት ሚሊዮን ዓመት የተቀበረ ጥርስ አገላብጦ የባለቤቱን ኑሮ የሚተርክ ሰው የገዛ ወንድሙን ጥርስ አያውቅም። እሱ ለትምህርት ከቤት ሲወጣ ምትኩ ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም ነበር።

የሚያውቁት ሆሳዕና ያሉት እናታቸው ናቸው። እሳቸው ደግሞ ገና አልተረዱም። የኛን ነገር መቼም ታውቁታላችሁ፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ተለምኖ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር ተንኳኩቶ ነው። አስከሬኑ ሳይለይ ማርዳት አይሆንም፤ ሳያረዱ መለየትም አልተቻለም።

ብልሃቱ የመጣው ከሣጥኑ ነው። ታምራት ስለ ጥርስ ቢጠይቅ ማን ይጠረጥራል? እብደቱን እናቱም ያውቁታል። አጠገቡ እንደተቀመጥኩ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ ተጠያየቁ።

"እማዬ፣ ያ የቀንዳሙ አውሬ ጥርስ ነገር… ከቤተሰባችን ጥርስ ጋር ላስተያየው ፈልጌ ነው። የኔ እንዴት ነበር? የምትኩስ?"

"ያንተማ ደህና ነበር" አሉ እየሳቁ። "የምትኩን ላሟ በቀንዷ መትታው፣ የላይኛው የግራ ክራንቻው ከግማሹ ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ እኮ ነው አፉን ሸፍኖ የሚስቀው። አላየህም እንዴ?"

ዶክተሩ አላየም። ሣጥኑን በቀንዳም አውሬ ጥርስ ሲሞላ፣ ቀንድ የሰበረው ጥርስ እፊቱ ተቀምጦ ምሳ ይበላ ነበር። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ምልክቱ በመገኘቱ ደስ አለኝ። ተሳካልን ብዬ አውራ ጣቴን አሳየሁት።

ከወዲያ በኩል ሳቁ ቆሟል። 

"ታምራት" አሉ እናትየው፣ "ፊት ያለው ሰው በጥርሱ አይጠየቅም። በል፣ ለይተህ ልጄን ላክልኝ።"

ስልኩን ዘጉት። የተሰበረው ክራንቻ ተገኘ፤ ምትኩም አገሩ ገባ፣ ጓደኛውም ወደ እናቱ ሄደ። መርዶ በስልክ አይነገርም ብለን ነበር። እኛም አልነገርንም። እሳቸው ነገሩን።