የሥጋ ዘመድ አይቆጠርም

በጎ ፈቃድ ለሰው ልጅ የሚሰጠው ጥቅም በመሥሪያ ቤቱ የታወቀው ግንቦት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ሰው ሰውን የሚረዳው እንዲሁ በዘፈቀደ፣ ያለ ዕቅድና ያለ መለያ ሰደርያ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አዳራሹ ፊት ቆመው፣ «በጎ ፈቃድ መንፈስን ያድሳል፣ ልምድን ያዳብራል፣ የሥራ ዕድገትንም ያፋጥናል፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ግዴታ ሆኗል» አሉ።

ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ነበር። አለቃው ጡረታ ሊወጡ ስለሆነ ዓይኑ ወንበራቸው ላይ ነው። የደረሰውም ሥራ ቅዳሜ ቅዳሜ አረጋውያን መጦሪያ እየሄደ የእግር ጥፍር መቁረጥ ሆነ።

ቤት ውስጥ እናቱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት።

«ልጄ፣ ይቺን ጥፍሬን ብትቆርጥልኝ። ወገቤ አልታጠፍ አለኝ።»

«ቅዳሜ አይመቸኝም፣ እማዬ። ጥፍር እቆርጣለሁ።»

«የማንን?»

«የአረጋውያንን።»

«እኔስ ምንድን ነኝ፣ ኮረዳ?»

ስቆ ወጣ።

ሰውየው በእውነትም አደገ። እጁ ተፍታታ፤ ፎቶው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጣ። ትሕትናም ተማረ፤ አንገቱን ደፍቶ ስለሚሠራ የማንንም ፊት አያይም ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ተረኛ እግር ሳፋው አጠገብ መጣ። ነጠላ ጫማው ማሰሪያው በጥቁር ክር ተሰፍቷል። የሰፋው ራሱ ነው። ቀና አለ።

«እማዬ? በምን መጣሽ?»

«በታክሲ። ጥሩ ጥፍር ቆራጭ አለ ሲሉ ሰምቼ።»

«ቤት እቆርጥልሽ የለ እንዴ?»

«መቼ?»

የተሰለፉት ሽማግሌዎች ሳቁ። እሱም አፍሮ የእናቱን እግር ጭኑ ላይ አሳረፈ። ይኼኔ ሥራ አስኪያጁ ፎቶ አንሺውን አስከትለው ደረሱ።

«ትዛመዳላችሁ?»

«እናቴ ናት።»

«እንግዲያማ ይህ በጎ ፈቃድ አይባልም። የሥጋ ዘመድ አይቆጠርም። የግል ጉዳይህን በቤትህ።»

አለቃው ሊሰናበቱ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ሰውየው ጭኑ ላይ ያለውን እግር አየ፤ ሥራ አስኪያጁን አየ። ከዚያ የእናቱን እግር በታላቅ ክብር መሬት አስቀመጠና አጠገቡ ጥፍር የምትቆርጠውን የመሥሪያ ቤቱን ገንዘብ ያዥ ጠራ።

«አደራ፣ አውራ ጣቷ ላይ ቀስ በይ። ያማታል።»

እናቱ ምንም አልተቀየሙም። «ሂድ፣ የኔ ጌታ፣ ሥራህን ሥራ» አሉት። ቀጥለውም ጎንበስ ያለችውን ገንዘብ ያዥ፣ «ተባረኪ። የእናትሽንስ ጥፍር ማን ይቆርጥላታል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ልጅዎ ጋ ተሰልፋለች» አለች፣ ቀና ሳትል።

ሹመቱ በሳምንቱ ጸደቀ። እናቱም ቅዳሜ ቅዳሜ በታክሲ እየሄዱ፣ ከሩቅ እያዩት፣ በገንዘብ ያዥዋ እጅ ጥፍራቸውን ይቆረጡ ነበር።

ኅዳር ላይ አረፉ። ባልደረቦቹ በሙሉ ሰደርያቸውን ለብሰው ቀብር መጡ፤ ቀኑም በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ተያዘላቸው። እርሱ የሥጋ ዘመድ ስለሆነ ከዓመት ፈቃዱ ተቀነሰበት።