ሆዳቸውን የማይስቡት ደንበኛዬ

ሰው የልብስ ልኩ ሲወሰድ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል። ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ቦሌ ሚካኤል ልብስ ስፌት ቤት ከከፈትኩ ወዲህ ሀብታሙም ድሃውም፣ ጾመኛውም ጾም ሻሪውም፣ ሜትሩ ወገቡ ላይ ሲጠመጠም ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። ኋላ ቀሚሱ ሲጠብ ጥፋቱ የኔ ይሆናል። ማንን ሊሸነግል ነው? እኔን ነው ሜትሩን?

እትዬ አስካለ ግን አይስቡም። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ገርጂ ልጆቻቸው በሠሩላቸው ትልቅ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ሜትሩን ሳነሳ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሆዳቸውን እንዳለ ለቀው ይቆማሉ። አፋቸው የሚያርፈው ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውንማ አትጠይቁኝ!

«አንቺ ሙሉ፣ ይሄን መርፌ ነው የሰፋው ወይስ ዶሮ የጫረው?» ይላሉ ገና በሩን ሳያልፉ። ቀሚሱን ባጠብላቸው አላስተነፍስ አለኝ ነው። ባሰፋላቸው ድንኳን አስመሰልሽኝ ነው። ይሄው ቀሚስ መስቀልንም ገናንም ጥምቀትንም ሳይለበስ አለፈ። ልክዎን በቃሌ አውቀዋለሁ ብላቸውም አይሰሙ። «ሰው ይለዋወጣል፣ ለኪ!» ነው መልሳቸው።

ይሄን ሁሉ ቻልኩ። እኔም እኮ ምላስ አላነሰኝም፣ ሰፈሩ ይመስክር። አንድ ቅዳሜ ግን ልጇን የምትድር ሴት የራሷንም የሚዜዎቹንም ጨርቅ ይዛ መጣች። የዓመቱ ትልቁ ሥራዬ ሊሆን ነው። እትዬ አስካለ ከተቀመጡበት ሆነው ጨርቁን አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ፣ ከዚያ «በዚህ ቀለም ሠርግ ነው የምትሄጂበት ለቅሶ?» አሏት። ሴትዮዋ ጨርቋን ሰብስባ ውልቅ! ያን ቀን ወሰንኩ። ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጡ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ።

ሳምንቱን ሙሉ የምናገረውን ስደረድር ሰነበትኩ። መጡ። «ይቀመጡ እስቲ፣ የምነግርዎት አለ» አልኳቸው። «መጀመሪያ ለኪኝ» አሉ። ይሁን፣ የመጨረሻዬ ነው ብዬ ሜትሩን ትከሻቸው ላይ አሳረፍኩ። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ ለኔ ይሁን ለራሳቸው በማይታወቅ ድምፅ፣ «ባሌ ከሞተ ወዲህ የሚነካኝ ሐኪም ብቻ ነው» አሉ። «እሱም በጓንት።»

የደረደርኩት ሁሉ ብን አለ። ትምህርቴን በልጅነቴ ባቋርጥም አንባቢ ነኝ፤ አስፋልት ዳር ከሚዘረጋው አሮጌ መጽሐፍ የማልለቅመው የለም። አንዱ ላይ አስቸጋሪ ሰው ማለት ፍቅር የራበው ሰው ነው የሚል አንብቤ፣ ይሄ ጸሐፊ ደንበኛ አስተናግዶ አያውቅም ብዬ ስቄበት ነበር። አሁን ከነሜትሬ ተገትሬ ቀረሁ። እጄን ከትከሻቸው ለማንሳትም አልቸኮልኩ።

ከዚያ ወዲያ ምን ሆንኩ መሰላችሁ? ዕውቀቱ አናቴ ላይ ወጣ። የሚቆጣ ሰው ባየሁ ቁጥር ማከም አማረኝ። ከመድኃኔዓለም ስመለስ የታክሲው ረዳት «ጠጋ በሉ! ጠጋ በሉ እንጂ!» እያለ ይጮኽብናል። ምስኪን፣ አይዞህ የሚለው አጥቶ ይሆናል ብዬ፣ «የኔ ጌታ፣ ደክሞሃል አይደል?» አልኩት። «በጣም እንጂ እናት፤ አንቺ ጠጋ ካልሽልኝ ግን ይለቀኛል» አይለኝ መሰላችሁ! ታክሲው በሙሉ ሳቀብኝ። ሁሉም ጩኸት የፍቅር ረሃብ አይደለም ለካ፤ አንዳንዱ የቦታ ጥበት ነው።

ለእትዬ አስካለ ግን መድኃኒቱ ሠራ። ሲመጡ ጉንጫቸውን እስማለሁ፣ ነጠላቸውን አስተካክላለሁ፣ ልካቸውንም ቀስ ብዬ ነው የምወስደው። ስድቡ አልቀረም፣ ግን ለዛ አወጣ። ባይመጡ መንገድ መንገድ ማየት ጀመርኩ። የሠርጉ ሥራ እንደሄደ ቀረ፤ ይቅር። እውነቱን ለመናገር ቀለሙ የለቅሶ ነበር።

ለፋሲካ ቀሚሱን ለብሰው መስታወት ፊት ቆሙ። ዞሩ፣ ተገላበጡ፣ እንከን አጡለት። እኔ ደነገጥኩ። ከእንግዲህ በምን ሰበብ ይመጣሉ? ደፈር ብዬ፣ «እትዬ፣ የሚሰፋ ባይኖርም ብቅ ይበሉ። ብቸኝነትዎ ይገባኛል» አልኳቸው።

ዞረው አዩኝ። «የኔ ብቸኝነት? ገርጂ ልብስ ሰፊ ጠፍቶ መሰለሽ በዚህ ጉልበቴ በታክሲ እየተጋፋሁ የምመጣው? መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት እንዴት እንደጮኽሽብኝ! ቤቴ ገብቼ አሰብኩት። እንዲህ የምትናደፍ ልጅ፣ የሚያቅፋት ሰው ቢቸግራት ነው አልኩ። ጠበበ ሰፋ እያልኩ የምመላለሰው ላንቺ ብዬ ነው!»

«ያ የሐኪሙና የጓንቱ ነገርስ?»

«እሱም እውነት ነው» አሉ።

እኔ ነኝ ታማሚዋ! እናቴ ከሞተች ወዲህ ልጅ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። ማን ማንን ሲያስታምም እንደከረመ አንድዬ ይወቀው፤ ብቻ ተመስገን ነው፣ ሁለታችንም ድነናል። ግን እንዲህ በቀላሉ ልለቃቸው ነው? ጠጋ ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩና አገላብጬ አየሁት።

«እጅጌው ትንሽ የረዘመ አይመስልዎትም?» አልኳቸው።

«እኔም እኮ ልልሽ ነበር» አሉ።