የላሞቹ ጨውና የስልኩ ጨው

ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ይባላል። ይህን የተናገረው ሰው ጨው አንድ ዓይነት ብቻ መስሎት መሆን አለበት። አይፈረድበትም። እኔም ስምንተኛ ክፍልን በስንት መከራ እስክጨርስ ድረስ፣ ጨው ሲባል የማውቀው ወጥ ውስጥ የሚገባውንና ላሞቻችን የሚልሱትን ነበር። እናንተም ከዚህ ብዙ የራቃችሁ አይመስለኝም። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ያለ ጨው እንደማይሠራ ታውቁ ነበር? እንኳን አላወቃችሁ። እኛ ቤት ያወቅን ዕለት ነው የጠፋነው።

እኛ የሱሉልታ ሰዎች ነን። ሳር እናጭዳለን፣ ወተት እንሸጣለን፣ በየማለዳው ሜዳችን ላይ የሚሮጡትን ሯጮች ‹‹ምን አባሯቸው ነው?›› እያልን እናያለን። ታላቅ ወንድሜ ገመቹ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኬሚስትሪ ይማር ነበር። አዲስ አበባን ወደ እኛ የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ነገር ተነስቶ ተማሪው ሲረበሽ ትምህርቱ ቆመና፣ አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ጭንቅላት ሙሉ ጨው ይዞ ቤት መጣ። የመመረቂያ ሥራው ባትሪ ውስጥ የሚገቡ ሁለት ጨዎችን ማወዳደር ነበር፤ የሊቲየምንና የሶዲየምን። የሚሰማው ሰው ሲያጣ፣ ላም ሳልብ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ለእኔ ያስረዳኛል። እኔ ሰው ፊት መናገር ስለምፈራ ጥሩ ተማሪ እመስላለሁ። ዝም የሚል ሰው ሁሉ የገባው ይመስላል።

ደግሞም ገብቶኛል። ባትሪ ማለት ሁለት ቤት ነው አለኝ። በመሃላቸው ፈሳሽ አለ፤ ጨው የሚሟሟው እዚያ ውስጥ ሲሆን፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሸክም የሚያመላልሰውም እሱ ነው። ሊቲየም ትንሽ ናት። ግን ፈሳሹን አጥብቃ ስለምትይዝ፣ እንደ ሙሽራ ሚዜዎቿን ሁሉ አስከትላ ነው የምትንቀሳቀሰው። ሶዲየም ትልቅ ነው። እጁ ላላ ያለ ስለሆነ አጃቢ አያበዛም፣ እንዲያውም በፈሳሹ ውስጥ ቀለል ብሎት ይሄዳል። ችግር የሚገጥመው በር ላይ ነው፤ ለሊቲየም የተሠራው ቤት ይጠበዋል።

‹‹ታዲያ ምን ያደርጋል?›› አልኩት።

‹‹ሰፋ ያለ ቤት እስኪሠራለት ይጠብቃል። ሊቲየም ያለችው ጥቂት አገር ነው። ሶዲየም ግን የትም አለ፣ ላሞቻችን እንኳ ይልሱታል። የድሃ ባትሪ በእሱ ነው የሚሠራው፣ ታያለሽ።››

እኔ ደግሞ፣ ሶዲየም ትልቅ ስለሆነ በር ጠበበው ይለኛል፣ አዲስ አበባ ያን ሁሉ አክላ በእኛ ግጦሽ ልትገባ ነው ሲባል አልሰማም እንዴ አልኩ። በሆዴ ነው። በሆዴ በጣም ተናጋሪ ነኝ።

አባቴ፣ ሰው ኦቦ ዲንቃ የሚላቸው፣ አንድ ቀን ‹‹ለመሆኑ ይህን ሁሉ ዓመት የምትማረው ምንድን ነው?›› ብለው ጠየቁት። ገመቹ ነገሩን ለማሳጠር፣ ‹‹ባትሪ ውስጥ ስላለ ጨው ነው›› አላቸው። አባቴ ሳቁ። ‹‹እሱንማ እኔ ሳልማር አውቀዋለሁ።›› እውነታቸውን ነው። የሬዲዮናቸው ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ፀሐይ ካልረዳው በሚስማር ይበሱትና የጨው ውሃ ጠብ ያደርጉበታል፤ ሬዲዮኑም እየተንጠራራ ይነቃል። በሰፈራችን ይህን የማያውቅ አባወራ የለም። ገመቹ ፈገግ ብሎ ተወው። አባትን ማረም በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

ከዚያ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ሚኒባስ ቀረ፣ ሱቅ ተቆለፈ። ገመቹ ቡራዩ ያለ የክፍል ጓደኛውን ሊጠይቅ በእግሩ እንደወጣ፣ መንገድ ላይ ከሌሎች ልጆች ጋር ተያዘ። በማግስቱ በሰው ስልክ ደወለ። ‹‹ደህና ነኝ። ዋስ የመጣለት ይለቀቃል እየተባለ ነው። የት እንደምትመጡ እደውልላችኋለሁ፣ ብቻ ስልኩ እንዳይዘጋ›› ብሎን ተቋረጠ።

ስልኩ እንዳይዘጋ። የቤታችን ስልክ አንዲት ባለ ቁልፍ ስልክ ናት። ባትሪዋ ቄጠማ እንደበላ ጥጃ ሆድ ተነፍቶ፣ ክዳኗን በላስቲክ አስረን ነበር የምንጠቀምባት። ቻርጅ አልይዝ አለች። ባትሪ የሚሸጠው ጋሽ ከድር ሱቁን ቆልፎ ዘመዶቹ ጋ ሄዷል። ሲም ካርዱን ጎረቤት ስልክ ውስጥ እንዳንከት፣ ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ልጅ ጥሪ ይጠብቃል።

የወተት ዕቃ አጥቤ ስመለስ አባቴን ደጅ አገኘኋቸው። ባትሪው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተሰጥቷል። በአንድ እጃቸው ሚስማር፣ በአንድ እጃቸው የላሞቹ ጨው የተበጠበጠበት ጣሳ ይዘዋል።

‹‹አባዬ፣ ይተዉት›› አልኩ።

‹‹ምን አልሽ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ? ድምፅሽን አውጪው፣ ማን ይበላሻል?››

‹‹የዚህኛው ጨው ሌላ ነው። ውሃ ከነካው መርዝ ይተፋል። ገመቹ ነው የነገረኝ።››

‹‹ገመቹ ራሱ ባትሪ ውስጥ ያለው ጨው ነው አላለም?››

‹‹ብሏል። ግን የሊቲየም ጨው ነው።››

‹‹ሊቲየም ደግሞ የማን ልጅ ነው?›› አሉና ሚስማሩን ተከሉበት።

ባትሪው አፏጨ፣ ከዚያ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ነደደ። አባቴ ጣሳውን ጥለው ወደ ኋላ ዘለሉ። ጠቁሮ እስኪቀር ድረስ ቆመው አዩት። ‹‹ፀሐዩ በዝቶበት ነው›› አሉ በመጨረሻ።

መንገዱ ሲከፈት ጋሽ ከድርም መጣ፤ ከአባቴ ጋር ሱቁ ሄድን። ‹‹አካም ጂርታ ኦቦ ዲንቃ›› ብሎ ሰላምታ እንደሰጠ፣ ገና ሳይቀመጥ አዲስ ባትሪ ከተተልን። ስልኩ እንደበራ መልእክት ገባ፤ አንድ የማናውቀው ቁጥር ደጋግሞ ደውሏል። አባቴ ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ። ደወልኩ። አንድ ሰውዬ አነሳ።

‹‹የዚያ ልጅ ቤተሰቦች ናችሁ? ለታሰረ ወንድሜ ምግብ ሳመላልስ ስልኬን አውሼው ነው። ሲደውል ሰነበተ እኮ፣ ዝግ ነው ይላል። ዋስ የመጣለት ወጣ። ያልመጣለት ትናንት በመኪና ተጫነ።››

‹‹ወዴት?›› አልኩት። ያን ጊዜ ድምፄ ወጣ፤ ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

‹‹እሱን ለእኛ ማን ይነግረናል፣ እህቴ›› አለ።

አዲሱ ባትሪ ጎበዝ ነው። ሊቲየም እንደተባለላት ናት፣ ሲመሽም ሲነጋም ስልኩ ሳይዘጋ ይቆያል። የሚደውል ግን የለም። ግጦሹም ላይ ችካል ተተክሏል እየተባለ ይወራል፤ አባቴ ሄደው አላዩም።

ለላሞቹ ጨው ከማቅረባቸው በፊት በእፍኛቸው ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ።

‹‹ኢንተላ ኮ፣ ይኼኛው የትኛው ነው?››

‹‹የሶዲየሙ ነው አባዬ።››

‹‹አይጎዳም?››

‹‹አይጎዳም።››

ላሞቹ ይልሳሉ። እኛ ስልኩን እናያለን።