ድንጋዮቹን ሳንቆጥር አንረከብም

እጆቿ ገመድ ላይ ቋጠሮ ይቋጥራሉ። በየአንድ ሜትሩ አንድ ቋጠሮ፣ በየአሥረኛው ደግሞ ቀይ ክር። የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አንጠልጥላ፣ ገመዱን በጉልበቷ ላይ እየሳበች ትቋጥራለች። ዛሬ የምትቋጥረው ትናንት ቋጥራ የፈታችውን ነው። ለምን ብትሏት፣ «ትናንት እርጥብ ነበር፤ እርጥብ ገመድ ይዋሻል» ትላችኋለች።

ከቤት ሳይወጡ አገር የሚዞሩ ሰዎች በየቤተሰቡ አንድ አንድ አይጠፉም። ፈጣሪ ለሌላው እግር ሲያድል ለእነሱ ዝርዝር ሰጥቷቸዋል። ለግማሽ ቀን መንገድ የግማሽ ዓመት ስንቅ ያሰናዳሉ፤ ረግጠውት የማያውቁትን ቦታ ከዘበኛው አብልጠው ያውቁታል። የእኛ ቤት ድርሻ ታላቅ እህቴ ናት። ቤተሰቡ «ክብርት የጉዞ ሹም» ይላታል። እኔ እትዬ ነው የምላት። እሷ ግን ስልሳ ስድስት ዓመቴን ከቁም ነገር ሳትጥፈው እስከ ዛሬ «አንቺ ልጅ» ትለኛለች።

ክብርት የጉዞ ሹም ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል ዕቃ ግምጃ ቤት ያዘች። አንሶላም ይሁን ባልዲ፣ በእጇ ሳይቆጠር አይገባም፣ ሳይፈረምበት አይወጣም። አንድ ቀን ዋናው ሐኪም ሁለት ትራስ ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ሲያልፍ ኮሪደር ላይ አስቆመችው። «ዶክተር፣ ያልተጻፈ የለም። እነዚህ ትራሶች በወረቀት ላይ የሉም፤ ስለዚህ እርስዎ ምንም አልያዙም። ምንም ካልያዙ ደግሞ እጅዎን ወደ ላይ ያንሱልኝ።» ሐኪሙ ሳቀና ተመልሶ ፈረመ ይባላል። እኔ ሳቁን እጠራጠራለሁ።

ድንጋዮቹ ወደ ሕይወታችን የገቡት በዚያው ግምጃ ቤት በኩል ነው። ግድግዳው ላይ አንድ መድኃኒት ሻጭ የሰጣት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር። ፎቶው ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ጥንታዊ ድንጋዮች ሣር ሜዳ መሀል ክብ ሠርተው ቆመዋል። ማን እንዳቆማቸው አይታወቅም፤ ለምን እንዳቆማቸውም አይታወቅም። እትዬን ይህ አላስጨነቃትም። ያስጨነቃት ፎቶው የክቡን ግማሽ ብቻ ማሳየቱ ነው። አሥራ አንድ ድንጋይ ቆጠረችና «ሌላው ግማሽ የታለ?» አለች። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ «ሌላው ግማሽ የታለ?» እንዳለች ናት። ቦታው ደግሞ ከቤታችን የሦስት ሰዓት መንገድ ነው።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀርቷል። በሚቀጥለው ወር ጉልበቷ ኦፕራሲዮን ይደረጋል። ሐኪሟ «ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ወጣ ገባ መሬት እንዳይረግጡ» ብሏታል። ሰባ አንድ ዓመት ለሞላው ሰው «አንድ ዓመት» ሲሉት ምን ማለት እንደሆነ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ ወይ የፊታችን ቅዳሜ ነው፣ ወይ ምናልባት ጭራሹኑ የለም።

መጀመሪያ ላይ ድንጋዮቹን ያዩ ሰዎችን ትጠይቅ ነበር። የጭነት መኪና ሹፌሩ ሠላሳ አንድ ናቸው አላት። አስተማሪው ሠላሳ ስድስት አላት። የልብስ ሰፊው ሚስት «ኧረ እኔ ፎቶ ስነሳ መቼ ቆጠርኩ!» ስትላት እትዬ በድንጋጤ ወንበር ያዘች።

«ሳትቆጥሩ ተረከባችሁ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትእዛዝ ወጣ። ከእንግዲህ ማንም ቁጥር አይነግረንም። የግምጃ ቤት ቆጠራ በአንድ ሰው አይሆንምና እኛም ሁለት ሆነን ነው የምንሄደው። አንዱ ድንጋይ ሥር ጀርባ ለጀርባ እንቆማለን፣ እሷ በግራ እኔ በቀኝ እየቆጠርን እንዞራለን፣ ማዶ ስንገናኝ ቁጥራችንን እንደምራለን፣ ከዚያ ቦታ ተለዋውጠን እንደገና። ዙሪያውን ደግሞ ባለቋጠሮው ገመድ ይለካል። ዋናው ደንብ ግን ሌላ ነው፤ ከሁለታችን አንዳችን ቀድመን ካየን ቆጠራው ተበላሸ። «ቀድሞ ያየ ዓይን የሚያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ይቆጥራል» ትላለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሌባ ያስመረረ ጥበብ ነው፤ ምን ብዬ ልከራከር?

ከአራት ዓመት በፊት በእርግጥ ልንሄድ ነበር። የልጄ ባል መኪናውን በር ላይ አስነስቶ ይጠብቃል። ሻንጣው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ደግሞ ጓጉንቸር አለ፣ ያ ሲጫኑት ጠቅ ብሎ የሚቆለፈው።

«እትዬ፣ ቁልፉ የታለ?»

ደብተሯን ገለጠች። ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች አነበበች። «ተራ ቁጥር አርባ ሰባት። የቁም ሳጥን ቁልፍ፣ አንድ። ተጭኗል።»

«የት ነው የተጫነው?»

«ሻንጣው ውስጥ ነዋ!»

ጎረቤታችን አናጢው መጥቶ ጓጉንቸሩን እስኪፈታልን ድረስ ቀትር አለፈ፣ ዝናብም ጣለ። የልጄ ባል መኪናውን አጥፍቶ ወረደ። ክብርት የጉዞ ሹም ግን ቅር እንኳ አላላትም። ሻንጣውን ከፍታ ቁልፉን አወጣችና እያሳየችን፣ «አያችሁ? ዝርዝሩ ልክ ነው» አለች።

እኔ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ብዬ ስጎተጉታት፣ እሷ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትላለች። አንድ ቀን አንገሸገሸኝና፣ «እትዬ፣ እንቁላሉ እኮ እግር አወጣ፣ ድንጋዮቹንም አይቶ ተመለሰ፤ እዚህ የቀረነው እኛ ነን!» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ስንት ናቸው አለ?» ብላ ጠየቀች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። «ተይው፣ እንዳትነግሪኝ!»

የግቢው ልምምድም አለ። ባልዲውን፣ ወንበሩን፣ በርሜሉን፣ የአበባ ማሰሮውን ሁሉ ክብ አድርጋ ደረደረችና ጀርባ ለጀርባ ቆመን መቁጠር ጀመርን። ያን ጊዜ አናጢው ምን እየሆነ ነው ብሎ ገባ። የሚጠይቀው ሰው ሲያጣ አንዱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዞረን ስንደምር ሃያ ሁለት፣ ቦታ ተለዋውጠን ስንደምር ሃያ ሦስት። እሷ ሰው የተቀመጠበትን ወንበር ዘላዋለች፤ «አገልግሎት ላይ ያለ ንብረት ነው» ብላ። እኔ ቆጥሬዋለሁ። ሁለት ቀን ተኮራረፍን። በሦስተኛው ቀን ደብተሩ ላይ አዲስ መስመር ተጨመረ፦ «ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰው ቢኖር በትሕትና ይነሣ።»

በእነዚህ ዝርዝሮች እንደምስቅ ሸሽጌ አላውቅም። ግን አንድ ነገር ልመን። እኔ ፊደል የቆጠርኩት የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው ነበር፦ «ካልሲ፣ ስድስት። ባትሪ፣ አራት። ብስኩት፣ ሁለት ካርቶን። እህት፣ አንድ።» የመጨረሻዋ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። እንደገናም አነበብኳት።

አሁን ለእሷ ያልነገርኳትን ልንገራችሁ።

አምና ልጄ ወልዳ ልጠይቃት ስሄድ የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳ። ሁላችንም ወረድን። ረዳቱ እጁን ዘርግቶ ጮኸ። «እነዚያ ታዋቂዎቹ ድንጋዮች ናቸው! ፎቶ የሚነሣ ይነሣ!» ደንግጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። በመዳፌ አውቶቡሱን እየዳበስኩ ዞርኩና መንገዱን ፊት ለፊት አድርጌ ቦዩ ዳር ተቀመጥኩ፤ ለድንጋዮቹ ጀርባዬን ሰጠሁ። አረንጓዴ ሻርፔን ግንባሬ ድረስ አወረድኩት።

ረዳቱ መጣ። «እናቴ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ደህና ነኝ፣ ልጄ።»

«ታዲያ እዚህ ድረስ መጥተው ጀርባ ይሰጣሉ? ዞር ይበሉ እንጂ!»

«ቀጠሮ አለኝ።»

«ከማን ጋር?»

«ከእነሱ ጋር። ዛሬ ግን አይደለም።»

ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ከኋላዬ ነፋሱ ሣሩን ሲያንሿሿ እሰማለሁ። አንገቴ ያሳክከኛል፤ አሥራ አንድ ዓመት የሰማሁት ነገር ሃምሳ እርምጃ ላይ ቆሞ እኔ የምጠግነው ጎማ ያለ ይመስል መንገድ መንገድ አያለሁ! ይባስ ብሎ ሁለት ተማሪዎች ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ጆሮዬን ደፍኜ ማንጎራጎር እስክጀምር ድረስ ዘጠኝ ደርሰው ነበር። ጎማው እስኪቀየር አንድ ሰዓት ያህል እንደዚያው ተቀመጥኩ። ቤት ስገባ እትዬ መንገዱ እንዴት ነበር አለችኝ። «ጎማ ፈነዳብን» አልኩ። የት እንደሆነ ስትጠይቀኝ «እንጃ፣ መንገድ ዳር» ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ትናንት የመጨረሻውን ዝርዝር እንድፈርምበት ሰጠችኝ። ሰባት ገጽ ነው። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «እህት፣ አንድ። ሁኔታ፦ ያላየች። ተረጋግጧል።»

«እትዬ፣ ይሄ ‹ተረጋግጧል› የሚለው ምንድን ነው?»

ዓይኗን ከገመዱ ላይ አላነሣችም። «ስለ መንገዱ ልጠይቅ አውቶቡስ ተራ ሄጄ አንድ ረዳት አገኘሁ። አምና ጎማ ፈንድቶብን፣ አረንጓዴ ሻርፕ ያደረገች ሴትዮ ለድንጋዮቹ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጆሮዋን ደፍና ስታንጎራጉር ነበር፤ ሳታብድ አትቀርም አለኝ።»

«እና ምን አልሺው?»

«እህቴ ናት አልኩት።» ቋጠሮውን ጠበቅ አደረገች። «እስከ ስንት ሰማሽ?»

«እስከ ዘጠኝ።»

«ዘጠኝማ ምን አላት! ፎቶው ላይ ብቻ አሥራ አንድ አይደሉም? ቆጠራው አልተበላሸም። ፈርሚ፣ አንቺ ልጅ።»

ፈረምኩ። ቁልፉ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የልጄ ባል ቅዳሜ በማለዳ በር ላይ ነው። እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ገበያ ላይም ሆነ ሐኪም ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ካገኛችሁን፣ ድንጋዮቹንም ያያችሁ ከሆናችሁ፣ ስለ ሣሩ ንገሩን፣ ስለ ነፋሱ ንገሩን፣ ጥላ ይኖር እንደሆነም ንገሩን። ስንት እንደሆኑ ግን፣ አደራችሁን፣ አትንገሩን።