የሐሙስ አባወራ

ተራ አስከባሪ የሌለበት ሰፈር አዲስ አበባ ውስጥ ካለ አሳዩኝ። የታክሲውን ማለቴ አይደለም። ማንም ሳይሾመው ዕድሜ ልኩን «ተራህን ጠብቅ!» ሲል የሚኖረውን ነው። ከዊንጌት ከፍ ብሎ ባለው ሰፈራችን ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር አቶ ስብሐት ናቸው።

ስብሐት እንደ እሱው የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው አራት ጎልማሶች፣ ከእነሾዴና ከእነኢፍቱ ጋር፣ አጥር በሚያዋስነን ግቢ ይኖራል። እዚያ ቤት ሁሉ ነገር በተራ ነው፤ ሻወር መግባት፣ ሪሞት መያዝ፣ ማኩረፍ ሳይቀር። ሾዴ ፊቱን ሲያጠቁር ስብሐት «ዛሬ የማኩረፍ ተራ የኔ ነው!» ይለዋል። እኔንም አንዴ ምሳ ጋብዞኝ፣ ገና እጄን ሳልታጠብ የሰሃን ማጠቢያ ስፖንጅ አስጨበጠኝ።

«እንግዳ እኮ ነኝ!» አልኩት።

«አዎ፤ ዛሬ የእንግዳ ተራ ነው።»

ምን ይባላል? እየተነጫነጭኩ አጠብኩ።

ታዲያ ይህ ሰው አንድ ነገር ክፉኛ ይመኝ ነበር፤ ቤታቸው የሰፈሩ እድር አባል እንዲሆን። ለቅሶ በተሰማ ቁጥር ድንኳን ይተክላል፣ አግዳሚ ይሸከማል። «ስም ሲጠራ ግን እኛን ይዘሉናል» ሲለኝ አንጀቴን ይበላው ነበር።

ባለፈው እሁድ ጉዳዩ ለስብሰባ ቀረበ። ሰብሳቢው ጋሽ ታረቀኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ደንባችን በአባወራ ነው። የቤቱ አባወራ ማነው?»

የቤቱ ረዳት ሃዊ አፏን ሳትከፍት ስብሐት ብድግ አለ።

«ዛሬ ኢፍቱ ናት። ነገ ሾዴ ነው። እኔ ሐሙስ ነኝ።»

ኢፍቱም ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። ስብሰባው በሳቅ አውካካ። እኔ ግን አለቀላቸው ብዬ ደነገጥኩ። ይሄኔ የሰብሳቢው ባለቤት እትዬ የሺ ተነሡ።

«ምን ያስቃችኋል? ድንኳን ሲተክል አባወራ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀው አለ? ደግሞስ እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን በትዳር ስኖር አንድ ሐሙስ እንኳ ደርሶኝ ያውቃል?»

ጋሽ ታረቀኝ ቸኩለው «በሉ እጅ ይውጣ» አሉ፤ ያላወጣ ሰው አልነበረም።

ወደ ቤት ስንመለስ ስብሐት ክንዴን ያዘኝ። ወንደላጤ መሆኔን ያውቃል።

«አንተ ስትሞት ማን ያለቅስልሃል?»

«እንጃ፣ ማንም የለኝም።»



«አሁን እኛ አለንልህ። ሁላችንም ባንድ ላይ ነው የምናለቅስልህ።»

እኔ ነጭናጫው፣ እዚያው አስፋልቱ ላይ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ስብሐት ተቆጣ።

«ምን ሆነሃል? ገና አልሞትክም እኮ!»