ጆርናል በምን ይታወቃል?

[ቆቦ፣ ከመምህራን ክበብ ደጅ፣ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር። መምህር ስሜነህ በየክረምቱ ወልዲያ እየተመላለሰ ዲግሪ ይማራል። ስለ ማሽላ የጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ «ዋቢህ ሁሉ ተራ መጽሔት ነው፤ ጆርናል አምጣ» ተብሎ ተመልሶበታል። ዛሬ ካላስገባ የዘንድሮ ምርቃት አለፈው፤ ሱፉን ግን አሰፍቷል። ጽሑፉ መመለሱ አሳፍሮታል፤ እንዲያም ሆኖ ባልደረባውን ትግሉን ስለ ጆርናል እያስተማረ ነው።]

ትግሉ፦ [ከዋቢዎቹ አንዱን መጽሔት አንስቶ] ይሄኛው ስለ ማሽላና ስለ አቀንጭራ አረም ነው። ምን ጎደለው?

ስሜነህ፦ ፎቶ አለበት።

ትግሉ፦ የማሽላ ፎቶ ነው እኮ፤ የዘፋኝ አይደለም።

ስሜነህ፦ ቢሆንም። ደግሞ ሳነበው ገባኝ።

ትግሉ፦ ታዲያ ሸጋ ነዋ።

ስሜነህ፦ ምኑ ነው ሸጋ? ጆርናል ቢሆን ይገባኝ ነበር? የምሁር ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በሙያ እኩዮቹ ይገመገማል።

ትግሉ፦ [ደንገጥ ብሎ] ተገመገመ? ምስኪን። ምን አጥፍቶ?

ስሜነህ፦ ጽሑፉ ነው የሚገመገመው። ገምጋሚውም ማን እንደሆነ አይነገርም።

ትግሉ፦ እኛንስ ማን እንደጠቆመን መች ይነግሩናል? ሒሱን ተቀበለ?

ስሜነህ፦ ተቀበለ።

ትግሉ፦ ከዚያስ የት ወረዳ አዛወሩት?

ስሜነህ፦ አተሙት አልኩህ እኮ። [ሽፋኑ የተገነጠለ ጥራዝ ከቦርሳው እያወጣ] ጆርናል ማለት እንዲህ ነው። ከላይብረሪያችን አሮጌ ክምር ሥር አገኘሁት። ስማ፦ «የማሽላ ህላዌያዊ ተዋጽዖ ከቆላማው ከባቢ ጋር ያለው መስተጋብራዊ ትስስሮሽ…»

ትግሉ፦ ምን ማለት ነው?

ስሜነህ፦ እኔ እንጃ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ራሴን አዞረኝ። ይሄን ተራ ሰው አልጻፈውም። በመመረቂያ ጽሑፌ በየገጹ «ምሁሩ እንዳሉት» እያልኩ ጠቅሻቸዋለሁ።

ትግሉ፦ [ገለጥ ገለጥ እያደረገ] ምሁሩማ አንተ ነህ።

ስሜነህ፦ ማ?

ትግሉ፦ የትምህርት ቤታችን የዓመት መዝጊያ መጽሔት ነው። አዘጋጁ እኔ ነበርኩ። ጽሑፍ አነሰን ስልህ ቁጭ ብለህ ጻፍክልኝ።

[ስሜነህ ደግሞ ያነበዋል። አሁንም አልገባውም። ፎቶ ያለበትን መጽሔት ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ይስባል፤ በመጨረሻ ገጹ እንደ ጆርናል የዋቢ ዝርዝር ተደርድሯል።]

ስሜነህ፦ አንተስ ይሄን ጉድ ሳታነበው ነው ያሳተምከው?

ትግሉ፦ አነበብኩት እንጂ።

ስሜነህ፦ ታዲያ እንዴት አሳለፍከው?

ትግሉ፦ ስላልገባኝ ነዋ። የተማረ ሰው የጻፈው መሰለኝ።