ሥራ ፈላጊዎቹ ምድጃዎች

ትናንት በሕልሜ የሰፈራችን ሰው ሁሉ በጆሮው ይጨስ ነበር። የብረት ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ደግሞ ነጠላ ተከናንቦ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቁጭ ብሎ ያስላል። እኔ ለዚያ ፋብሪካ ምድጃ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሰል በአካፋ ያጎረስኩ ሰው ነኝ፤ ሳየው አንጀቴን በላው።

«ምነው፣ ምን ሆንክ?» አልኩት።

«የጨረሰችኝ ልጅህ ትርንጎ ናት» አለ። «ጭሷ ሳምባዬን በላው። ክሰስ ብለውኛል።»

«ኧረ አንተ የማታፍር! በአንተ ጭስ ሌሊቱን ሙሉ የምታስለው እሷ አይደለችም? ገና አምስት ዓመቷ እኮ ነው!»

ይህን ስል ጤና ጣቢያው የፋብሪካው ቅጥር ቢሮ ሆነ። ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ሻይ እያቀረበ «ጌታዬ» ይለኛል። ውጭ ሁለት ምድጃዎች የትምህርት ማስረጃቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። እንኳን ምድጃ፣ ሰው ቀጥሬ አላውቅም።

መጀመሪያ የከሰሉ ምድጃ ገባ። ጥላሸቱን ምንጣፉ ላይ እያራገፈ «ሆዳም ነኝ፣ አልዋሽም» አለ። «ግን ሁለት መቶ ሰው ካላጎረሰኝ አልጠግብም። ሁለት መቶ ቤት በእኔ ያድራል።»

ቀጥሎ የመብራቱ ምድጃ ገባ፤ ታጥቦ የወጣ ሰሃን ይመስላል። «እኔ አላጨስም። ያረጀ በርሜል፣ የተሰበረ አልጋ፣ የመኪና ሬሳ ስጡኝ፤ አቅልጬ ፌሮ አደርገዋለሁ። ጥቂት ሰው ይበቃኛል።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«እሱን አታንሱብኝ!» አለና በላብ ተጠመቀ። «የበላሁት ሆዴ ውስጥ ይረጋል። በመዶሻ ፈልፍላችሁ ታወጡታላችሁ።»

ባልደረቦቼ መስኮቱ ላይ ተለጥፈው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ድምፃቸው ግን አይሰማም። ሥራ አስኪያጁ በእስክሪብቶ ፋንታ የጋለ ብረት አስጨበጠኝ። «ይፈርሙ ጌታዬ፣ ሳይቀዘቅዝ።» ዝቅ ብዬ ሳይ ትርንጎ ጭኔ ላይ ናት። በጆሮዋ የሚወጣው ጭስ እየቀጠነ ሄዷል።

«ሲያልቅ ትድናለች ወይስ ትሞታለች?» ብዬ ጮህኩ። ፈራሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። ጭስ ማውጫው በበሩ ብቅ ብሎ «እኔን ዛሬ ቀለል ብሎኛል» አለ። ከሁለት ያጣ እንዳልሆን እየሰጋሁ ዓይኔን ጨፍኜ ፈረምኩ። ለየትኛው እንደፈረምኩ አላየሁም።

ስነቃ ነግቷል። ትርንጎ አጠገቤ አፏን ከፍታ ተኝታለች። አታስልም። ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ስትተኛ አይቻት አላውቅም። ተመስገን አልኩ። ባለቤቴ እታፈራሁ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ወደ ፋብሪካው ታያለች፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል።

«ዘበኛው መጥቶ ነበር» አለች ሳትዞር። «የከሰሉን ምድጃ ዘግተውታል። በመብራቱ የሚሠሩትን ሰዎች ስም በር ላይ ለጥፈዋል።»

«የእኔስ ስም?» አልኩ። ሳይታወቀኝ ጮኼ ኖሯል።

«ቀስ በል» አለች። «ልጅቷን ትቀሰቅሳታለህ።»